የሰንበት ሒሳብ

አባቴ ቀጥቃጭ ነው፣ ስሜን ተግባሩ አለኝ፤
ገና ሳልራመድ ወናፍ አስጨበጠኝ።
ከጯሂት ወዲያ ማዶ፣ በደምቢያ ሜዳ ዳር፣
ማረሻ ስንሠራ ለሌላ ሰው አፈር፣
መሬት አልነበረን፣ እጅ ብቻ ነበረን።
ቀን «ሞርድልኝ» ብሎ ማጭድ ያቀበለን
ማታ «ቡዳ» ብሎ ልጁን ሸሸገብን።

ስለዚህ ሥራ ስል፣ እኔ አፍ ላይ ቃሉ
ግማሹ ስድብ ነው፣ ጸሎት ነው እኩሌው።
ይህን ለናዳቭ ማስረዳት አልቻልኩም፤
አማርኛዬ ለሱ ይረዝማል፣
ዕብራይስጡ ለእኔ ይቸኩላል።

ቂርያት ጋት፣ ሐምሌ፣ አራተኛ ፎቅ።
ልጄ ሶፋው ላይ ነው፤ መጋዘኑን ከተወ ወር አለፈው።
አላባረሩትም። «በቃኝ» ብሎ ወጣ።
ሽንት ቤት የቆየበትን ደቂቃ
አለቃው ጽፎ ቢያሳየው፣
ቢጫ ሰደርያውን ከካርቶን ክምር ላይ ጣለው።

«ሃያ ስድስት ዓመት፣ ወገብህ ጤነኛ፣
ምን ልትሆን አሰብክ?» ብለው፣ «ልተኛ» አለኝ፣ «ልተኛ።
ሰው ለሥራ ብቻ አልተፈጠረም፣ አባ፤
ዕድሜህን ሸጥክላቸው፣ ተመልሶ ላይገባ።»

እኔም በአባቶቼ አፍ መለስኩለት፦
«ሥራ ለሠሪው ነው፣ እሾህ ላጣሪው ነው።»
ስልኩን አስቀመጠ። ጥቂት አሰበና
«እሾህ የታጠረው ማሳ ግን የማን ነው?»

ዝም አልኩ።
«ትሉሽህን አምጣ» አለኝ፣ የደመወዝ ወረቀቴን፤
ቀብላኑ፣ እጄን ለፋብሪካ የሚያከራየው ሰው፣
በየወሩ የሚሰጠኝን፣
እኔም ሳላነበው ከመድኃኒት ቤት ደረሰኝ ጋር
በብስኩት ቆርቆሮ የማጠራቅመውን።
ሃያ ሁለት ዓመት የወለወልኩት ወለል
እዚያች ቆርቆሮ ውስጥ ታጥፎ ተኝቷል።

ናዳቭ ያነባል፣ መስመሩን በጣቱ እየተከተለ፣
ቄሱ ኦሪት ሲያነቡ እንደማያቸው።
«እዚህ ጋ አባረሩህ። በማግስቱ ቀጠሩህ።
በየዘጠኝ ወሩ አዲስ ሰው ነበርክ።»
ቀጠለ። ድንገት ድምፁ ወረደ።
«ይሄ ዓርብ ማታ ነው። ይሄ ቅዳሜ። ይሄም።
አባ፣ በሰንበት ትሠራ ነበር?»

ወይ ቆርቆሮዋ!
ለእናቱ፣ ነፍሷን ይማርና፣
«ጸሎት ቤት አድራለሁ» እያልኩ የዋሸሁት።
ልጆቹ ትንንሽ፣ የቤቱ ዕዳ ትልቅ፤
ቀብላኑ «ዓርብ ካልመጣህ እሑድም አትምጣ» አለ።
አባቴ እኮ ዓርብ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ
መዶሻውን እንደ ሬሳ በጨርቅ ይጠቀልል ነበር፤
ባላባቱ ራሱ ማረሻ ተሰብሮበት፣
ዝናብ ደርሶበት ደጃችን ቢቆም
«እሑድ» ብሎ መለሰው።
ለባላባት «እሑድ» ያለ ሰው ልጅ
ቁልፍ ለሚያሽከረክር ጎረምሳ «እሺ» አልኩ።

ናዳቭ አልጮኸም።
እሱ ሰንበት አያከብርም፤
ቅዳሜ ከጓደኞቹ ጋር አሽዶድ ባሕር ይወርዳል።
ግን ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ምንጣፉ ላይ ደረደረ፣
«በቅዳሜ ተጨማሪ ይገባህ…» ብሎ ጀምሮ ተወው።
«ዕረፍትህን ሰርቀውህ
እኔን ሰነፍ አልከኝ።»

ታረቅን አልልም።
«ሶፋ ሰንበት አይሆንም፤ ስድስቱን ያልሠራ
ሰባተኛውን በምን ያውቀዋል?» አልኩት።
«ሰባቱን የሠራስ?» አለኝ።
ስንከራከር መሸ። ተነስቶ ሰላጣ ከተፈ፣
ቲማቲሙን ወፈር አድርጎ፣ እንደ እናቱ።

አሁን ከሌሊቱ አሥር ተኩል ነው፣ በነሱ አራት ተኩል።
ልጄ ሶፋው ላይ፣ አንድ ትሉሽ ደረቱ ላይ፣ እንቅልፍ ወስዶታል።
ከታች የቀብላኑ ቫን ጡሩምባ ነፋ።
አልጋዬ ጫፍ ላይ ነኝ፤
አንድ እግሬ ጫማ ውስጥ፣ አንድ እግሬ ወለል ላይ።
ወለሉ ይቀዘቅዛል። የራሴ ወለል።
መቼ እንደተወለወለ እንጃ።
ደግሞ ነፋ።